ሟቾች ሁሉ የሚለብሱት ኮት

ኔዳ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የወንዶች ኮት ሰፍታለች። ከተማቸው ሎም ውስጥ የነበረው የልብስ ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ የእሷ ሥራ ኮሌታና ትከሻ ነበር። ትከሻው የተዛነፈ ኮት የለበሰ ሰው መንገድ ላይ ካየች ዛሬም ዞራ ታያለች። ስለዚህ ባሏ ራይቾ ሞቶ የሞቱ ማስታወቂያ በራቸው ላይ በተለጠፈ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ልቅሶ መሀል ኮቱን ሳታይ አላለፈችም።

ሎም ውስጥ ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት፣ ዳር ዳሩ ጥቁር የሆነ ወረቀት ይታተማል። በቤቱ በር፣ በመብራት ምሰሶ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያና በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። በአርባው፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ ደግሞ ይታደሳል። ወረቀቱን የሚያዘጋጀው ቀብር አስፈጻሚው ማናሲ ነው። ማናሲ ፎቶ ሲያመጡለት ጭንቅላቱን ቆርጦ አንድ ጥቁር ኮትና ባለመስመር ክራቫት ላይ ይተክለዋል። ኮቱ ሁልጊዜ ያው ነው። አናጢውም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ የጥርስ ሐኪሙም ያንኑ ለብሰው ነው የሄዱት።

ራይቾ በወንዙ ወደብ ክሬን ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ክራቫት ያሰረው አንድ ቀን ብቻ፣ ለሠርጉ ነበር፤ እሱንም ከምሳ በፊት ፈትቶ ኪሱ ከትቶታል። ኔዳን ግን ከክራቫቱ የባሰ ያቃጠላት የኮቱ ቁልፍ ነው። ለአርባው አዲስ ወረቀት ሊታተም ሲል ማናሲ ቢሮ ሄደች።

«ባይ ማናሲ፣ ባሌን እንደ ሴት ቆልፈኸዋል» አለችው፤ «ባይ» እንደ ጋሼ ያለ መጠሪያ ነው።

«ምን አልሽ?»

«ቁልፎቹ በግራ ናቸው። የወንድ ኮት ቁልፉ በቀኝ ነው።»

ማናሲ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረቀቱን አየ። «ፊቱ ወደ ወዲያ ስለዞረ ኮቱንም አዞርኩለት። ስሚ ኔዳ፣ ሃያ ዓመት ስሠራ ከሟቾቹ አንድም ሰው አላማረረም።»

«እነሱማ በምን አፋቸው ያማርሩ።»

«ታዲያ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ሚስቱ።»

ማናሲ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። «ሌላ ከፈለግሽ ራስሽ ሥሪዋ። ኮምፒውተር እንደ ስፌት መኪና በእግር የሚረገጥ መሰለሽ?»

አርባውም መንፈቁም በዚያው ኮት አለፈ። ኔዳ ግን «ራስሽ ሥሪዋ» ያላትን ቃል ይዛ ከቢሮው በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ነበር የሄደችው። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ዞርኒትሳ በዕድሜ ልጇ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፤ እንደ ኔዳ ታናናሾች ሁሉ ሌልያ፣ አክስቴ እንደማለት፣ ብላ ነው የምትጠራት።

«ፎቶ የሚያስተካክል ፕሮግራም አለ ሌልያ ኔዳ፣ ጊምፕ ይባላል። በነጻ ነው።»

«ማን ነው በነጻ የሚሠራው?»

«ሰዎች ናቸው። ከየአገሩ ተሰባስበው ይሠሩታል፤ የፈለገ ሁሉ ይጠቀምበታል።»

«እብዶች ናቸው» አለች ኔዳ ወንበሩን እየሳበች። «ደስ ይሉኛል።»

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ማውሱ እንደ ሳሙና እያመለጣት ራይቾን ስትቆርጥ ጆሮውን አብራ ትቆርጠዋለች።

«ዛሬም ጆሮ የለውም?» ትላታለች ዞርኒትሳ።

«በሕይወቱም አይሰማኝም ነበር።»

አንድ ማክሰኞ ግን ነጥብ በነጥብ እየተከሉ በመሀሉ ያለውን መስመር የሚያጎብጡበትን መሣሪያ አገኘች። ይኼማ የኮሌታ ንድፍ ነው። እጇ ከፋብሪካው የሚያውቀውን ጉብጠት እዚያ አየው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ጆሮ አልተቆረጠም። ንብርብር የሚሉትንም ለመረዳት አልተቸገረች፤ አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፈ ስስ ወረቀት ማለት ነው። ከየንብርብሩ አጠገብ ትንሽ የዓይን ምልክት አለ። ዓይኑን ሲዘጉት ንብርብሩ ይሰወራል፣ ሲከፍቱት ይመለሳል፤ የሚበላሽ ነገር የለም።

ለሙት ዓመቱ የመረጠችው ፎቶ በወይን ለቀማ ጊዜ የተነሳ ነው። ራይቾ እሷ የሰፋችለትን ባለካሬ መስመር ሸሚዝ ለብሶ፣ የጎደለች ጥርሱን እያሳየ ይስቃል። ትከሻው ላይ የሴት እጅ አለ። እጁ የኔዳ ነው፤ ፎቶው ላይ አጠገቡ ቆማለች።

ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ሟች ብቻ ስለሆነ እጁ መጥፋት ነበረበት። አንድን የፎቶ ክፍል ቀድቶ ሌላው ላይ የሚያትም መሣሪያ አለ፤ በእሱ የሸሚዙን ጨርቅ እየቀዳች በሌላ ንብርብር ላይ እጁን ሸፈነች። የጨርቁ መስመር ከመስመር መግጠም አለበት። ፋብሪካ እያሉ መስመር ያላገጠመች ሴት የሰፋችውን በሙሉ ትፈታ ነበር። ኔዳም ስትሸፍንና ስትፈታ ዘጠኝ ቀን ፈጀች። በአሥረኛው ቀን እጁ ነበረ የሚል ሰው ሊገኝ አይችልም።

«ማናሲ ይኼን ቢያይ ሱቁን ይዘጋል» አለች ዞርኒትሳ።

ኔዳ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ፎቶውን አየችው። ራይቾ አሁንም ይስቃል፣ ግን ትከሻው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለበት ምክንያት የለም። ሊወድቅ የተንገዳገደ ሰው ይመስላል። የመሸፈኛውን ንብርብር ዓይን ዘጋችው፤ እጁ ተመለሰ፣ ራይቾም ቆመ። ከፈተችው፤ ተንገዳገደ። እንደገና ዘጋችው።

«እጁ እዚያው ይሁን» አለች።

«ሌልያ ኔዳ፣ አንቺ እኮ በሕይወት አለሽ።»

«አውቃለሁ። ጠዋት ጉልበቴ ነግሮኛል።»

በሕይወት ያለ ሰው በሟች ወረቀት ላይ ከታየ ሟቹ ይወስደዋል፤ ሎም ውስጥ ይኼን የማያውቅ የለም። ወሬው የራይቾ ታላቅ እህት ስቶይና ዘንድ ሲደርስ የኔዳን በር ሳታንኳኳ ገባች። ከስቶይና በቀር ራይቾን በልጅነቱ የሚያውቀው፣ ከመቃብሩ አጠገብ ከኔዳ ጋር የሚቆም ዘመድ የለም።

«ወንድሜን አደባባይ ላይ በሸሚዝ ልታቆሚው?» አለች። «በማናሲ ወረቀት ላይ ሚኒስትር መስሎ ነበር እኮ።»

«የሴት ኮት የለበሰ ሚኒስትር።»

«እሺ እጁስ? ሞት ልትጠሪ ነው?»

«ሞት አድራሻዬን ያውቀዋል። ባለፈው ዓመት መጥቶ ነበር።»

«እጁን ካላወጣሽ በሙት ዓመቱ አልመጣም። ባለስኳር ንፍሮሽን ብቻሽን ትበያለሽ።»

«እበላለሁ» አለች ኔዳ፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ቆማ ቀረች።

ማናሲ የቁም ሰው እጅ በማተሚያዬ አላወጣም አለ። ሃያ ወረቀት በቤተ መጻሕፍቱ ማተሚያ ወጣ፣ ኔዳም ቅዳሜ ጠዋት ፕላስተር ይዛ ራሷ ዞራ ለጠፈችው። ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያን ጥቁር ኮት ከለበሰ ሌላ ሟች አጠገብ ነው የዋለው። ዳቦ ሊገዛ የመጣ አንድ የወደብ ሠራተኛ ፊት ለፊቱ ቆሞ «ይኸው ራይቾ» አለ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ይመስል።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ማቆሚያው ስታልፍ የራይቾ ትከሻ ላይ ቀዳዳ አየች። እጁ በመቀስ ተቆርጦ ወጥቷል። በመብራት ምሰሶዎቹም ላይ እንደዚያው። ኔዳ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው፤ ከታች የተጀመረ፣ እየተንቀጠቀጠ የሄደ ቆረጣ ነው። ስቶይና መጋረጃ ስትቆርጥ ሠላሳ ዓመት እንደዚህ ስታበላሽ አይታታለች።

ቤተ መጻሕፍቱ ሳይዘጋ ደረሰች። ያንኑ ፎቶ ከፍታ ክፈፉን ወደ ጎን አሰፋችው፣ ሃያ ሌላ ወረቀት አተመች። በተቆረጡት ላይ ደርባ ለጠፈችና የመጨረሻዋን ይዛ የስቶይናን በር አንኳኳች።

ስቶይና ወረቀቱን አየች። «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ክንዴ ነው። እስከ ክርኔ። ነገ ከቆረጥሽው ትከሻዬ ይመጣል። ከዚያ ራሴ እመጣለሁ፣ የዚያን ቀኑን ኮፍያ አድርጌ። ፎቶው ሰፊ ነው።»

ስቶይና ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ የወንድሟን የጎደለች ጥርስ ብዙ አየች።

«ያ ኮፍያ አስቀያሚ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«እንግዲያውስ አትቁረጪ።»

እሑድ ስቶይና መቃብሩ ድረስ መጣች። ንፍሮውን በላች፣ ስኳር አንሶታል ብላም ተናገረች። ወረቀቱን ከዚያ በኋላ የነካው የለም፤ ዝናብ እስኪያደበዝዘው ድረስ ክርኑም እጁም አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆዩ። ኔዳ አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍቱ ትቀመጣለች፣ ፎቶ ይዘው የሚመጡ ሴቶችን ባሎች ከማናሲ ኮት ታወጣለች። በየመንገዱ ስታልፍ አሁንም አንዳንዱ ሰው ጉንጯን አተኩሮ ያያል፣ ገርጥታ እንደሆነ ለማየት።

አልሞተችም።