እሷን ብቻ የያዘ ግዝት

ከጉና ሥር ባለው አገር ባልና ሚስት ሲጣሉ መጀመሪያ የሚላክበት ሰው ጌጡ ነበር። ገብስና ድንች ያርሳል፤ በረቱ ውስጥ ጥቂት በጎች አሉት፤ ሀብታም አይደለም፣ ደሃም አይባልም። ሽምግልናውን ከአባቱ ወረሰ። ገና ጢሙ ሳይሸብት ከትልልቆቹ ጋር ያስቀመጠው አለመቸኮሉ ነው። የሚጮኸው ጮኾ እስኪወጣለት፣ የምታለቅሰውም አልቅሳ እስኪቀልላት ይጠብቃል። ሁለቱም ሲደክማቸው «በሉ እንግዲህ፣ ሰይጣንን እናሳፍረው» ይላል። በዚህች ቃል ስንቱን ቤት መልሶ አቁሟል። የቆመው ቤት ውስጥ ኋላ ምን እንደሚሆን ግን ሄዶ ጠይቆ አያውቅም። ሽማግሌ አስታርቆ፣ የቀረበለትን በልቶ፣ መርቆ ይነሣል። የቀረው የእግዜር ነው። እንዲህ ብሎ ነበር የኖረው።

ሠናይት የጎረቤቱ ልጅ ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ አባት የምትለው እሱን ነበር። ዓለምነው የሚባል፣ ከደብረ ታቦር ሐሙሲት ሚኒባስ የሚያመላልስ ሰው ሲያገባት ዳሱ ውስጥ ቆሞ የመረቀውም ጌጡ ነው። አንድ ቀን ታኅሣሥ ላይ ያችው ሠናይት አንድ ዓይኗ አብጦ፣ ባዶ ጀርባዋን በነጠላ ሸፍና ደጁ ላይ ቆመች። ባሏ ሐሙሲት ላይ ሌላ ሴት አስቀምጧል። «እውነት ነው ወይ?» ብትለው መታት። ትታው ስትወጣ ገና አራት ዓመት ያልሞላትን ልጇን ትንሣኤን ከጀርባዋ ነጥቆ ለአማቷ ሰጠባት።

«ቤቱንም፣ ዕቃውንም ይውሰደው አያ ጌጡ» አለችው። «ልጄን ይስጠኝ ብቻ።»

ዓለምነው ልጅቱን የያዘው ሳስቶላት አልነበረም። ልጅ በእጁ እስካለች ቀለብ ቁረጥ የሚለው የለም፤ እናትየውም ዛሬ ሳይሆን ነገ አንገቷን ደፍታ ትመለሳለች። ይህን ጌጡም ያውቀው ነበር። እያወቀም «እናስታርቃለን» አለ።

ሠናይት ግን ቀድማ አንድ ነገር አድርጋለች። ደብረ ታቦር ላይ ለድሃ በነጻ የሚቆሙ ጠበቆች አሉ ብለው ነግረዋት ሄዳ ነበር። አመተማርያም የምትባል ወጣት ጠበቃ ፍቺውን፣ ልጅ የማሳደግ መብቱንና ቀለቡን አንድ ላይ ጠይቃ ክስ መሠረተችላት። ቀጠሮው ጥር ላይ፣ ሐሙስ ቀን ሆነ።

ወሬው ዓለምነው ጆሮ እንደደረሰ ሽማግሌ መጣ። በባልየው በኩል ወርቁ ነበር የሚመራቸው። ወርቁ ሰፊ ሆድና ለስላሳ አንደበት ያለው፣ ከሠርግ ሠርግ፣ ከተዝካር ተዝካር የማይቀር ሰው ነው። በሠናይት በኩል ጌጡ ተቀመጠ። በመካከል የሁለቱም የነፍስ አባት ቄስ ገብረየሱስ ነበሩ። በአገሩ ወግ ሽማግሌ ነገሩን ከያዘ በኋላ ተጣዮቹ ወደ ዳኛ እንዳይሮጡ በግዝት ይታሰራሉ። ቄሱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ መስቀላቸውን አወጡ።

«ሽማግሌ እስኪጨርስ ከሁለታችሁ አንዳችሁ የፍርድ ቤት ደጅ ብትረግጡ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን ገዝቻለሁ።»

ሁለቱም መስቀሉን ተሳለሙ። ዓለምነው እንዲያውም ጎንበስ ብሎ መሬት ሳመ።

ከዚያ መቀመጥ ሆነ። አንዴ አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ ሄዷል ተብሎ ነገሩ ሳይነሣ ተበተነ። አንዴ ማርያም ናት ተብሎ። ሲቀመጡም ጠላውና አረቄው ከዓለምነው ቤት ይመጣል፤ ከነገሩ ይልቅ መጠጡ ይረዝማል። ሠናይት ስለ ልጇ አፏን ስትከፍት ወርቁ ጢሙን እየጠረገ፣

«አይ ልጄ፣ ጠበቃ ማቆም ከየት ተማርሽ? ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ ሲባል አልሰማሽም?» አላት።

ሠናይት ገና እብጠቱ ያልለቀቀውን ዓይኗን ወደ እሱ አዞረች። «ሰምቻለሁ። ሲያልቅ እንዴት እንደሚሆን ይኸው እዩት።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ጌጡም ፈገግ አለ። ያች ፈገግታ ኋላ ስንት ጊዜ ፊቱ ላይ እንደ ቁስል አሳከከችው።

ረቡዕ ማታ ሠናይት መጣች። «አያ ጌጡ፣ ነገ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ። ጠበቃዋ ደወለች፤ ከቀረሽ መዝገቡ ይዘጋል ትለኛለች። ሽማግሌው ደግሞ ነገ ወርቁ ቤት ነው ብላችኋል። ምን ይሉኛል?»

ጌጡ ብዙም አላሰበም። «ግዝት አለብሽ እኮ ልጄ። ዳኛ ነገም አለ፤ ነፍስ ግን አንዲት ናት። ዕርቁ ነገ ያልቅልናል። አንቺ ብቻ ግዝት አትድፈሪ፣ እኔ አለሁ።»

እሷም እጁን ስማ ሄደች፤ ስልኳንም አጠፋች።

ሐሙስ ወርቁ ቤት በግ ታርዷል። በጉን የላከው ዓለምነው ነው፤ እሱ ራሱ ግን የለም። ሠናይት እስክትጠራ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌዎቹ ገብተው ጉበቱን በጥሬው ጀመሩ።

«ባልየው ሳይመጣ ምን ልንዳኝ ነው?» አለ ጌጡ።

«ይመጣል! ምን አስቸኮለህ? ሥጋው እንደሆነ ታርዷል፣ አይሮጥ» አለ ወርቁ። ከሳቁ ጋር ከአፉ የወጣው ፍርፋሪ ትሪው ላይ አረፈ።

ወጡ ደርሶ ሲቀርብ ዓለምነው ገባ። ኮት ለብሷል፤ ጫማው ተወልውሎ ያበራል።

«እንዴት ዋላችሁ አባቶቼ! ኧረ አትነሡ፣ በማርያም! ብሉ፣ ብሉ!»

«የት ቆየህ?» አለው ጌጡ።

«ደብረ ታቦር ነበርኩ አያ ጌጡ። ፍርድ ቤት።» ወደ ወርቁ ዞሮ ጠቀሰው። «ከሳሽ ብትጠራ የለችም። መዝገቡ ተዘጋ! በቃ፣ ተገላገልን።»

ወርቁ ጭኑን መታ። «እሰይ! ይኼ ነው ወንድ!»

ጌጡ ጎርሶ ነበር፤ ማኘኩን አቆመ። «አንተስ አልተገዘትክም?»

«ቄስ ገብረየሱስ ፈተውኛል። ይኸው አሉ፣ ይጠይቋቸው።»

ቄሱ አጥንት ይግጡ ነበር። አጥንቱን ከእጃቸው ሳያኖሩ «ለመልስ ያህል ነው የፈታሁት» አሉ። «ሰው ተከሶ ዝም ይላል እንዴ? ከሳሿ እሷ ናት፤ የእሷ ግዝት ይጽና። ነገሩ እንዲበርድ ብዬ ነው።»

«መቼ ነው የፈቱት አባ?»

«በገዘትኩ ማግሥት።»

ጌጡ ዙሪያውን ተመለከተ። ማንም አልደነገጠም። በየጢሙ ላይ ቅባት ያበራል፤ ጣት ይላሳል፤ መቅኔ ይመጠጣል። የሽማግሌው ቀጠሮ ለሐሙስ ይሁን ያለው ወርቁ እንደነበር አሁን ትዝ አለው። ለቅሶውም፣ ማርያምም፣ ሁሉም ይህችን ሐሙስ ለማድረስ ነበር። የጎረሰውን ወደ መዳፉ ተፋው።

«ምነው፣ አጥንት አገኘህ?» አለ ወርቁ።

«አይደለም። ሰው አገኘሁበት።»

እጁን ሳይታጠብ ወጣ። ሠናይት ከድንጋዩ ተነሣች፤ ዕርቁ ያለቀ መስሏት ነጠላዋን አስተካከለች። ነገራት። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ትክ ብላ አየችውና «አትሂጂ ያሉኝ አንቱ ነበሩ እኮ» አለችው። ለጌጡ ስድብ ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር።

በማግሥቱ አብረው ደብረ ታቦር ወረዱ። አመተማርያም ጠባብ ቢሮዋ ውስጥ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ቁጣዋን አልደበቀችም።

«አባቴ፣ ዳኛ ግዝት አያውቅም፤ ቀጠሮ ግን ያውቃል። ስንቷ ሴት በዚሁ መንገድ ልጇን እንዳጣች ልንገርዎት? እርስዎ ታርቃ ገባች ይላሉ፤ እኔ ጋ ደግሞ መዝገቧ ተዘግቶ ይቀራል።»

ጌጡ ያስታረቃቸው ሴቶች ፊት አንድ በአንድ መጣበት። ከእነሱ መካከል ስንቷ ወዳ ገባች፣ ስንቷስ ታስራ? የገዛ ምርቃቱ አፉ ውስጥ መረረው።

«ምን ይሻላል?» አለ በመጨረሻ።

«የቀረችው በበቂ ምክንያት መሆኑን ካስረዳን መዝገቡ ይከፈታል። የሚያስረዳ ሰው ግን ያስፈልጋል። እነሱ ሽምግልና የሚባል አልነበረም ማለታቸው አይቀርም። ይመሰክራሉ?»

ይህን የሚያህል ነገር ጠይቀውት አያውቁም። ሽማግሌ የተቀመጠበትን ጉድ ለዳኛ አይዘረግፍም፤ የዘረገፈ ዳግመኛ አይጠራም። ያች ሕፃን ግን በአያቷ ቤት ናት። እያንዳንዱ ቀን ሲያልፍ ከእናቷ እየራቀች ነው። ጌጡ «እመሰክራለሁ» አለ።

ይህ ወሬ እንዴት እንደ ቀደመው አይታወቅም፤ አገሩ ሲደርስ ወርቁ በሩ ላይ ጠበቀው።

«ጌጡ፣ ተው። የሽማግሌ ገመና በችሎት ስታወጣ ነገ ከማን ጋር ትቀመጣለህ? ስትሞትስ ማን ይቀብርሃል?»

«የሚቀብረኝ አላጣም። አንተም ለተዝካሬ አትቀርም፤ ሳትጠራ መምጣት ታውቅበታለህ።»

«በእኔ ትቀልዳለህ? ለአንዲት ሴት ብለህ!»

«የእኔ ነውር ከአንዷ ጋር አላለቀም። ስንቷን ነው የመለስኩት?»

የችሎቱ ቀን ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጥግ ላይ አንድ ጎልማሳ ምስክሩን ቃል ያስጠናዋል፤ ሲሳሳት እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው ያስደግመዋል። ጌጡ ሽማግሌዎቹ ብቻ የከረፉ መስሎት ነበር። እዚህም ያው ሽታ አለ። ዓለምነው ወርቁን ይዞ መጣ። ቄስ ገብረየሱስ ግን «አመመኝ» ብለው ቀሩ።

ወርቁ መጽሐፍ ቅዱሱን ነክቶ ማለ። ያ ለስላሳ አንደበቱ አልተንቀጠቀጠም። «የተቀመጥነው ለድንበር ጉዳይ ነው ጌታዬ። የባልና ሚስት ነገር አልተነሣም። ግዝት የሚባልም አልሰማሁ።»

ጌጡ የወርቁን እጅ አየ። መጽሐፉን የነካው እጅ ያን ቀን ጉበቱን ሲዘነጥል የነበረው ነው።

ተራው ሲደርስ እሱም ማለና ያየውን ተናገረ። ግዝቱን፣ ዓለምነው መሬት መሳሙን፣ በማግሥቱ መፈታቱን፣ በጉን። ዳኛው ብዕራቸውን አቁመው «እንዳትቀርብ የከለከላት ማነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ በእሷ በኩል የተቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ አላሉም?»

«ነበርኩ። በእሷ በኩል ተቀምጬ፣ ከእነሱ ጋር እየበላሁ፣ አትሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ አልቀረችም ጌታዬ። እኔ ነኝ ያስቀረኋት።»

አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። ጌጡ ዞሮ አላየም።

መዝገቡ ተከፈተ። ፍቺው ገና ብዙ ቀጠሮ ቢጠብቀውም፣ ትንሣኤ እስከ ፍርዱ ድረስ ከእናቷ ጋር እንድትሆንና አባትየው ቀለብ እንዲቆርጥ ታዘዘ። አመተማርያም ሠናይትን አቀፈቻት። «ገና ነው እሺ? ግን ልጅሽን ዛሬ ታቅፊያታለሽ።»

ከአንድ ፖሊስ ጋር እዚያው ከተማ ወዳለው የአማቷ ቤት ሄዱ። አሮጊቷ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆየችና፣ ሕፃኗን ከኋላዋ ገፍታ አወጣቻት። ትንሣኤ ከስታለች፤ ፀጉሯ ተላጭቷል። ሠናይት ቁጢጥ ብላ እጇን ዘረጋች።

«ትንሣዬ፣ ነይ። እናትሽ ነኝ እኮ።»

ልጅቱ አያቷን ቀና ብላ አየች። አሮጊቷ አገጯን ነቀነቀችላት። ትንሣኤ በትንሽ አፏ ምራቋን ሰብስባ እናቷ ፊት ላይ ተፋች።

«አንቺ ጅብ ነሽ!»

አሮጊቷ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። «እንግዲህ ውሰዷታ! ማን ከለከላችሁ?»

ፖሊሱ መሬት መሬት አየ። ጌጡ በሕይወቱ ብዙ ጉድ አይቷል፤ ሕፃን እንዲህ ተጠንታ ስትቀርብ ግን አላየም። ሠናይት ፊቷን አልጠረገችም። ብድግ አደረገቻትና፣ ልጅቱ እየጮኸችና እየቧጨረቻት፣ እስከ መናኸሪያው ድረስ ተሸክማት ሄደች። ሰው ሁሉ ልጅ የሰረቀች ይመስል ያያት ነበር።

መኪናው ውስጥ ትንሣኤ ከእናቷ ጭን ወርዳ በሁለቱ መካከል ተሸጎጠች። ዳገቱ ሲጀምር አስመለሳት፤ ግማሹ የጌጡ ጋቢ ላይ ፈሰሰ። ረዳቱ «ኧረ በመስኮት! በመስኮት!» ብሎ ጮኸ። ጌጡ አንገቷን ይዞ ደገፋት።

«ይቅርታ አያ ጌጡ» አለች ሠናይት።

«ተይው፤ ይኼ ይታጠባል።»

ከመኪናው ወርደው የእግሩን መንገድ ሲይዙ የጉና ነፋስ ፊት ይገርፍ ነበር። ምንጩ ጋ ሲደርሱ ሠናይት የልጅቱን አፍና ደረት በቀዝቃዛው ውኃ አጠበች። ትንሣኤ አልታገለችም፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ጌጡ ራቅ ብሎ ጋቢውን ድንጋይ ላይ እያሸ፣ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጥ ነበር። የሕፃኗ ድምፅ ተሰማ፤ ቁጣው ገና አለቀቀውም።

«በረደኝ።»

ሠናይት ነጠላዋን ገለጥ አደረገች፤ ልጅቱም ጥቂት ቆማ አስባ፣ ፊቷን ወደ ሌላ እንዳዞረች ከሥሩ ገባች።