አንድ ጣት ያጠረ መጋረጃ

ናስ ላብ ሲነካው ጣት ላይ የሚተወው ሽታ አለ። ዛሬ ጠዋት የቢሮዬን መሳቢያ ሳጸዳ የጣት ርዝመት ያላት የናስ ቱቦ አገኘሁና የቀለበት ጣቴ ላይ አጠለቅኳት። ሽታው አልተለወጠም።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። አራት ኪሎ አካባቢ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ከመዘምራኑ ጋር ጊታር እማር ነበር። ጊታሩ አንድ ብቻ ስለነበረ ሳምንቱን እኔ ቤት ይሰነብታል፤ እሁድ መሪያችን ይጫወትበታል። ክሮቹን በጣት ከመጫን ይልቅ የጠርሙስ አንገት እያንሸራተቱ መጫወትን ያሳየኝ እሱ ነው፤ ስላይድ ይሉታል። ብዙዎች ለዚህ ሲሉ ክሮቹን በሌላ ቅኝት ይቃኛሉ። እኔም ልቃኘው ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ንክች እንዳታደርጊ! እሁድ ጉባኤው ፊት ልታዋርጂኝ ነው? በነበረበት ቅኝት ተማሪ። አራዳ ባለው ይጫወታል።»

በነበረበት ቅኝት ግን ጠርሙሱን ሁሉም ክሮች ላይ ካሳረፉት ድምፁ ጆሮ ይጎረብጣል። አንዱን ክር እያናገሩ ሌሎቹን በቀኝ እጅ ጣቶች ማፈን ያስፈልጋል። ጣቶቼ እምቢ አሉኝ።

እናቴ ሰው የምትጠረጥር ሴት ነበረች። ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን መስኮት ከመተላለፊያው ጋር ትከሻ ለትከሻ ስለነበር መጋረጃው በቀትር እንኳ አይገለጥም። አንድ ቀን ከደብተር ቦርሳዬ በካልሲ የተጠቀለለ የቢራ ጠርሙስ አንገት አወጣች። አሸተተችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እፍ በይ!»

እፍ አልኩ።

«ድገሚ።»

«እማዬ፣ የጊታር ነው።»

«ጊታር መጠጣት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ጊታሩ ቅዳሜ ይመለሳል፤ ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም!»

ቅዳሜ ልምምድ ላይ አብራኝ መጣች። መሪያችን ነገሩን ሊያስረዳት ሲጀምር፣ «እስቲ አንተም እፍ በል» አለችው። መዘምራኑ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ግን እፍ አለ። እናቴ የኋላ ወንበር ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች።

«አሁን ትጫወት። በጠርሙሱ።»

መጀመሪያ ሁሉም ክሮች ተንጫጩ። ሌሎቹን በጣቶቼ አፈንኩና አንዱን ብቻ ተውኩት። ሰው በአፍንጫው እንደሚያንጎራጉር ሆኖ ቀስ እያለ ወጣ። እናቴ የታጠፈ እጇን አልፈታችም። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ጊታሩን የተሸከመችው እሷ ነበረች።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስገባ ጠርሙሱ የለም። በቦታው ጫፏ በሞረድ የለሰለሰ የናስ ቱቦ ተቀምጣለች።

«ጠርሙስ ቤቴ አይገባም። ይሄ አይሸትም» አለች።

ከየት እንደመጣች የገባኝ ቀና ስል ነው። የመጋረጃው የናስ ዘንግ አጥሮ በመስኮቱ ዳር ጣት የሚያህል ብርሃን ገብቷል።

«ሰው ያየናል እኮ!»

«አንቺ ተጫወቺ። እሱን ለኔ ተዪው።»

በርጩማዋን ክፍተቱ ፊት አስጠግታ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በተለማመድኩ ቁጥር ቦታዋ እዚያ ነበር። «ያኛው ክር ይጮሃል፣ ዝም አሰኚው» ከማለት በቀር ስለ ጨዋታዬ ምንም ብላ አታውቅም።

ሰፈሩ ሲፈርስ መጋረጃውን ያወረድኩት እኔ ነኝ፤ እሷ እስከዚያ በሕይወት አልቆየችም። በመጀመሪያ በርጩማውን አነሳሁት። አንድ መንገደኛ በክፍተቱ ወደ ውስጥ አየኝና አለፈ።