ለእማዬ ሰንጢ የመረጥንበት ቀን

ልጅ እያለሁ በእኛ ቤት ሰንጢ የሚይዘው አባዬ ሳይሆን እማዬ ነበረች። ይህን ዛሬ ለሰው ሳወራ ይስቃል። ሰንጢ ሲባል ሁሉም ዓይን ላይ የሚመጣው የአውቶብስ ተራ ዱርዬ ነው እንጂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብታ የምትወጣ፣ እሑድ እሑድ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን የምትስም ሴት አይደለችም። የእኔ ዘመን የአቃቂ ልጆች ግን አራስ ቤት ብረት እንደማይጠፋ ታውቃላችሁና አትስቁብኝም።

አራስ ባዶ እጇን ከቤት አትወጣም ነበር፤ በተለይ በቀትር። ጓሮ ድረስ ለመሄድ እንኳ ቢላዋም ይሁን ማጭድ የሆነ ብረት ትይዛለች፤ ክፉ ነገር ብረት ይፈራል ስለሚባል። በእኛ ቤት ደግሞ ነገሩ ከልማድ ያለፈ ነበር። እማዬን ከእኔ በፊት አንድ አስወርዷት ነበር፤ ከእኔ በኋላ የወለደቻቸው ሁለት ልጆች ደግሞ ክርስትና ሳይነሱ ሞተውባታል። ሁለተኛውን አስታውሰዋለሁ። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ከዚያ መጥባት ተወ፤ ከዚያ ማልቀስም ተወ። ስም ስላልወጣለት ለቅሶ የመጡት ሰዎች «ያ ልጅ» ነበር የሚሉት። ጎረቤቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሾተላይ ነው ይላሉ። እኔ ሾተላይን የምስለው ቀጭን፣ ረጅም ሰው አድርጌ ነበር። በቀትር የባቡሩን ሐዲድ ይዞ የሚመጣ፣ ከቤት ሁሉ የእኛን ቤት ለይቶ የሚያውቅ ሰው።

እማዬ እንደገና ስታረግዝ ቤታችን ውስጥ ሳቅ ጠፋ። የግቢያችን አዛውንት እማማ ደብሪቱ ገና ሆዷ ሳይገፋ መጥተው «እንዳለፈው ባዶ እጅሽን እንዳትወጪ» ብለው አስጠነቀቋት። እማዬ ጓዳ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

የወጥ ቤቱ ቢላዋ አልሆነም። መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣው ስትሞክር ጎንበስ ባለች ቁጥር ይወድቃል። አባዬ ሊያሳስቃት ፈልጎ «ሾተላዩ ሳይመጣ አንቺው ልጁን ትወጊዋለሽ» አላት። አልሳቀችም። እሱም በተናገረው ደነገጠ። በመጨረሻ የሚታጠፍ ይገዛ ተባለ።

ምርጫው ቀላል እንዳይመስላችሁ። እማማ ደብሪቱ መጀመሪያ «ተዘግቶ ኪስ ከገባ ማንን ያስፈራል?» ብለው ተቃወሙ። ስለዚህ በአንድ እጅ ቶሎ የሚከፈት መሆን ነበረበት፤ ሌላው እጅ ልጅ ይይዛልና። አባዬ ብረታ ብረት ፋብሪካ ነበር የሚሠራው፤ የማይዝግ ካልሆነ ለሕፃን ቤት አይሆንም አለ። እማማ ደግሞ «የማይዝግማ ምኑን ብረት ሆነ? ቆርቆሮ በለው!» አሉት። ቀኑን ሙሉ ከብረት ጋር ሲታገል የሚውል ሰው ብረት ምን እንደሆነ ከእማማ ደብሪቱ ሊማር! በሩን ወርውሮት ወጣ። ሲመለስ ግን የሚዝገውን ሊገዛ ተስማምቶ ነበር። ማናችንም ከእማማ ጋር ተከራክረን ኋላ የሚመጣውን ለመሸከም አቅም አልነበረንም።

እማዬ መውለጃዋ ስለደረሰ ገበያ መሄድ አልቻለችም። «እሷን ውሰዳት» አለችው እኔን እያሳየች። «እጇ ቁርጥ የእኔ ነው። እሷ ከከፈተችው እኔም እከፍተዋለሁ።»

የአቃቂ ገበያ የዚያን ቀን የላምባ፣ የሽንኩርትና የአዲስ ኮንጎ ጫማ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ አሁንም አለ። ሸራ ዘርግቶ የበር ቁልፍ፣ ምላጭ፣ የባትሪ ድንጋይ የሚሸጥ ሰው ፊት ቆመን ሰንጢ ጠየቅነው። «ለምን ሥራ ነው ጋሼ?» አለው አባዬን። አባዬ አፈረ። «ለብርቱካን» አለ።

ሰውዬው መጀመሪያ ቀይ እጀታ ያለው አሳየን፤ መቀስም፣ ጠርሙስ መክፈቻም የተገጠመለት። አባዬ በጣም ወደደው፤ የመጣበትን ረስቶ አንድ በአንድ እየዘረጋ አየው። እኔ ግን ጥፍሬ እስኪጎዳ ብታገል ስለቱን ማውጣት አቃተኝ። ሁለተኛው ቁልፉን ሲነኩት በሞላ ተስፈንጥሮ የሚወጣ ነበር፤ እሱን አባዬ ገና ሲያየው ወደ ሸራው መለሰው። ሦስተኛውን ጆሮው አጠገብ ወዘወዘና «ይሄ ጣት ላይ ይዘጋል» አለ። ሻጩ አንዱንም በእጃችን አልሰጠንም። ስለት ከእጅ ወደ እጅ ሲሰጥ ያጣላል ስለሚባል እያንዳንዱን ሸራው ላይ ያስቀምጣል፤ እኛ እናነሳለን።

አራተኛው እጀታው የቀንድ፣ ስለቱ አጭር፣ ሥሩ ላይ ዝገት የጀመረው ነበር። አባዬ ሲከፍተው «ቀጭ» አለ፤ ሲከፈት ጠንክሮ ይቆማል። የሲባጎ ጫፍ ቆረጠበት። ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አደረገ። ኮቱን አውልቆ ጠቀለለና በግራ ክንዴ አሳቀፈኝ።

«ልጁ ነው በይ» አለኝ። «አንገቱን ደግፊው። በይ አሁን ክፈቺ።»

ኮቱን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ በቀኝ አውራ ጣቴ ገፋሁት። ተከፈተ። አባዬ እንደገና አስከፈተኝ፤ እንደገና። ኮቱ ሞቅ ብሎ የፋብሪካ ዘይት ይሸታል፤ እኔም እውነተኛ ልጅ የያዝኩ መሰለኝ። ቀና ስል ሻጩ ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። ለብርቱካን እንዳልሆነ ገብቶታል። «ማርያም በሽልም ታውጣት» አለና ዋጋ አልተከራከረም።

ወንድሜ በክረምት ተወለደ። የፋብሪካው ጥሩምባ ለምሳ ሲነፋ እማዬ ልጁን ለእኔ ሰጥታ፣ ሰንጢውን ከፍታ፣ ግቢው ጥግ ወዳለው ሽንት ቤት ትሄዳለች። እኔ በሩ ላይ ሆኜ እስክትመለስ የሐዲዱን አቅጣጫ እጠብቃለሁ። ሰው ሲያልፍ ሁሉ ቁመቱን እለካለሁ። የልጁን ዓይን ወደ ብርሃን አዙሬ ገልጬ አየዋለሁ፤ ነጭ ነው፤ ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አየዋለሁ። ደስታ አልነበረም፤ ፍርሃት ብቻ ነበር። በክርስትናው ቀን ያቆየው ተብሎ ሲጠራ አባዬ ሰው ፊት አለቀሰ። እማማ ደብሪቱ ሲዘፍኑ ዋሉ። እማዬ ግን ሰንጢውን አላስቀመጠችውም። ብርቱካንም ላጠችበት፣ ክርም ቆረጠችበት፤ ቀትር ሲሆን ግን እስከዛሬ እጇ ኪሷ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ እኔም ወለድኩ፤ እማዬ ኮዬ ፈጬ ልታርሰኝ መጣች። እዚህ ጓሮ የለም፤ አራተኛ ፎቅ ነን፤ ሽንት ቤቱ መኝታ ቤቱ አጠገብ ነው። የጎረቤቴን ስም እንኳ አላውቅም፤ «ባዶ እጅሽን እንዳትወጪ» የሚለኝም የለም። ሐኪም ቤት ግን አዋላጇ ክንዴን ወግታኝ ነበር። «ደምሽ ኔጌቲቭ ነው፣ የልጅሽ ፖዘቲቭ፤ መርፌው ለሚቀጥለው ልጅሽ ነው» አለችኝ። አልገባኝም ስላት «ሾተላይ የምትሉት እኮ ይሄ ነው» አለች እየሳቀች። የእናት ደም የልጁን ደም ሲጠላ የሚመጣ ነው። ስለ ወንድሜ ስጠይቃት የእናትሽን ዓይነት ደም ይዞ ይሆናል አለችኝ። በልጅነቴ በር ቆሜ የጠበቅኩት ሰውዬ የትም አልነበረም። እፎይ ማለት ሲገባኝ ብርድ ብርድ አለኝ።

ለእማዬ ላልነግራት ነበር። አንድ ቀን በቀትር ልጄን አቅፋ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ሳለች ግን ሳልጠይቃት አወራችኝ።

«ለመጀመሪያው ቸኩዬ ነው ባዶ እጄን የወጣሁት» አለች። «ለሁለተኛው ግን ረሳሁ። ልብሽ ካልደነደነ ይህ ይረሳል? እኔው ነኝ የገደልኳቸው።»

ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ተሸክማ ኖራለች። አላስቻለኝም። የነገሩኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ደም እንደሆነ፣ አሁን መርፌ እንዳለው፣ ብትወጣም ባትወጣም፣ ብረት ብትይዝም ባትይዝም ያው እንደነበር፣ የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ። ደጋግሜ የእሷ ጥፋት እንዳልሆነ። የልጄን አንገት አስተካክላ ደገፈችው።

«መርፌው» አለች፣ «ያኔም ነበር?»

«አልነበረም» አልኳት።

ያኔ ይኑር አይኑር አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም።