ከሶኬቱ ጋር የታሰረው መፍቻ

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ ቀስ» በሚል ነው። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ከቤተሰብ ውጪ የሚገኝ አይመስለኝም። «ቀስ» ሳይል የጀመረው ሥራ የለም። ግድግዳ የሚጋራን ጎማ ጠጋኙ ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት ብቅ ይልና «እህሳ፣ የእናንተ እንቁላል እግር አወጣ?» ይለኛል። «አንተ ጎማህን ንፋ» እለዋለሁ። እንዲህ ስንባባል አስራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

ወንድሜ ይቆርጣል፣ ያገጣጥማል፣ ጠርዝ ያወጣል። እኔ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። ታናሽ እህቱ ይሉኛል እንጂ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ማታ ቤቴ ስገባ ትከሻዬ የኔ አይመስለኝም። እሱ ስልሳ ሦስትን ደፍኗል። ጉልበቱ ሲታጠፍ የሚያሰማው ድምፅ በሩ ጋ ቆሜ ይሰማኛል። እንግዲህ ሁለት የደከመን ሰዎች በአንዲት ጠባብ ክፍል ሰጋቱራ ስንተነፍስ ውለን እንገባለን። ለምን አታርፉም የሚሉን አሉ፤ ለአፍ ዳገት የለውም።

ጠርዝ የሚያወጣበት ማሽን ራውተር ይባላል። ኢንተርኔት የሚያመጣውን አላልኩም፤ ይሄኛው ሁለት እጀታ ያለው የእጅ ማሽን ነው። ከሆዱ ሥር አውራ ጣት የምታህል ስለታም ጥርስ ትወጣለች። እሷ ስትዞር በዓይን አትታይም። እንጨቱን እንደ ቅቤ ትልጠዋለች፣ ሥጋ ብታገኝም አትመርጥም።

ወንድሜ ያንን ማሽን ሲይዝ ላየው ለቅዳሴ የሚዘጋጅ ቄስ ይመስላል። እንጨቱን በሁለት በኩል ከጠረጴዛው ጋር ሳያስር አይነካውም። እጅጌውን ይሰበስባል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍናል። በውጪው ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚገፋው። «ጥርሷን ፊት ለፊት ግጠሚያት እንጂ አብረሻት አትሩጪ፤ ከሮጥሽ ነጥቃሽ ትሄዳለች» ይለኛል፣ እኔ እንኳ ማሽኑን ነክቼው አላውቅም። ጠለቅ ያለ ቦይ በአንድ ጊዜ አይቆርጥም፤ ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ካጠፋው በኋላ ደግሞ ጥርሷ ዞራ ዞራ ቀጥ እስክትል ማሽኑን ከእጁ አያስቀምጥም።

ለጆሮው ብቻ ምንም አያደርግም። «ማሽኑ ሲጨነቅ የሚነግረኝ በድምፁ ነው፤ ጆሮዬን ከደፈንኩ በምን ላውቅ?» ይል ነበር።

ሌላው ሁሉ የሚስቅበት ነገር መፍቻው ነው። ጥርስ መቀየሪያውን መፍቻ በወፍራም ሲባጎ ከማሽኑ ሶኬት ጋር አስሮታል። ሲባጎው አንድ ክንድ አይሞላም። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ እያለ መፍቻው ጠረጴዛው ጋ አይደርስም። ጥርስ ልቀይር ያለ ሰው ግድግዳው ድረስ ሄዶ፣ ነቅሎ፣ ሶኬቱንም መፍቻውንም አንጠልጥሎ መምጣት አለበት። በወጣትነቱ አብሮት ይሠራ የነበረ ጓደኛው «ነቅዬዋለሁ» ብሎ እጁን ሰደደ፣ ሦስት ጣቱን ትቶ ወጣ። ወንድሜ ስለዚያ ቀን ብዙ አያወራም። «ሰው ይረሳል፣ ሲባጎ አይረሳም» ይላል፤ አለቀ። አንዳንዴ ደግሞ ሲደክመው እጆቹን ያይና «ከዚህ ሥራ ሀብት ይዤ አልወጣም። አሥር ጣቴን ይዤ ከወጣሁ ይበቃኛል» ይላል።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የእንግዳ ማረፊያ የሚከፍት ሰው ሃያ ስምንት የቁም ሳጥን በር አዘዘን። እያንዳንዱ በር መሀሉ ላይ ቦይ፣ ዙሪያውን ክብ ጠርዝ ይፈልጋል፤ ለሁለቱ ሁለት ዓይነት ጥርስ ነው። የሁሉንም ቦይ አንዴ፣ የሁሉንም ጠርዝ አንዴ ብንሠራ እንገላገል ነበር። ሰውዬው ግን ክፍሎቹን ተራ በተራ ስለሚከፍት «ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አምጡልኝ» አለ። ስለዚህ ጥርስ ማውጣት፣ ጥርስ ማስገባት፣ ቀኑን ሙሉ። ሶኬቱ የሚሰካበት ቦታ ደግሞ ከእንጨት ክምሩ ጀርባ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው ያለው። ወንድሜ በየመሀሉ ይሄዳል፣ ይንበረከካል፣ ይነቅላል፣ ይነሳል። አንድ ቀን ተንበርክኮ መነሳት አቃተው። ግድግዳውን ይዞ ትንሽ ቆየና ማንም ያላየው መስሎት ሱሪውን አራገፈ።

አንጀቴን በላው። በማግስቱ ከዕቃ መሸጫው ልክ እንደዚያ ያለ ሌላ መፍቻ ገዝቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ይኸው፣ ከመንበርከክ ተገላገልክ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ ነው» አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መልሱን እንኳ አዘጋጅቻለሁ። እሱ መፍቻውን አነሳ፣ አገላበጠ፣ መልሶ አስቀመጠና «ቀስ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱ ይሠራ ጀመር። ምን ያህል ደክሞት እንደነበር የገባኝ አሁን ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሚስቱ አንድ ቀን ጠርታኝ «ወንድምሽ ንቆኛል። ሳወራው ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ ብደግምለት ‹ቀስ› ብሎኝ ይወጣል» አለችኝ። «እኔንም እንደዚያው ነው፤ እርጅና መጣበት» አልኳት። እውነቴን ነው። ሦስቴ አራቴ ጠርቼው ቀና የማይልበት ቀን ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ ከግንብ ጋር ነው እንዴ የማወራው?» ስለው ፈገግ ብሎ «ቀስ» ይላል። እኔም ተናድጄ ወደ ብርጭቆ ወረቀቴ እመለሳለሁ።

አስራ ስምንተኛው በር ላይ ነበርን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ። እኔ ብርሃን ፍለጋ በሩ ጋ ተቀምጬ አሻለሁ። እሱ ውስጥ የበሩን የመጨረሻ ጠርዝ ጨርሶ ማሽኑን ሊያጠፋ ነው። የጎማ ቤቱ ኮምፕሬሰር እንደ ልማዱ ግድግዳችንን ያንቀጠቅጣል። ድንገት ኮምፕሬሰሩም ማሽኑም እኩል ጸጥ አሉ።

«ሄደ ደግሞ!» አልኩ ጮክ ብዬ። መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም፤ አንዳንዴ በደቂቃው ይመለሳል፣ አንዳንዴ ውሎ ያድራል። ወንድሜ ቀና አላለም። እንደ ሁልጊዜው ጥርሷ ቀጥ እስክትል ጠበቀ፣ ማሽኑን በጎኑ አጋደመው። ከዚያ እጁን ዘረጋና እኔ የገዛሁለትን መፍቻ አነሳ።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። እንዲያውም ጥሩ አሰበ፣ መብራት እስኪመጣ ጥርስ ሊቀይር ነው አልኩ። ከዚያ ዓይኔ ማብሪያው ላይ አረፈ። የማሽኑ ማብሪያ ሲበራ ቀይ መስመር ያሳያል፤ አንዴ ከተገፋ ደግሞ ሰው እስኪመልሰው ባለበት ይቆያል። ቀዩ ይታያል። ሶኬቱ ግድግዳው ላይ ነው። የወንድሜ ግራ እጅ ጥርሷን ጨብጧል።

«ጋሼ!» አልኩ፤ አልዞረም። «ጋሼ፣ እጅህን! እጅህን!» ጮህኩ፤ እሱ መፍቻውን እያስገባ ነው። ሄጄ ብይዘው ደንግጦ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ወደ ግድግዳው ሮጥኩ። በእንጨት ክምሩ ላይ እንዴት እንደዘለልኩ አትጠይቁኝ፤ በጉልበቴ ወደቅኩና ሶኬቱን ነቀልኩት። ታስሮበት የነበረው አሮጌው መፍቻ ተወዛውዞ አገጬን መታኝ። እጄን ሳልሰበስብ መብራት ተመልሶ የጎማ ቤቱ ኮምፕሬሰር ተነሳ። በመሀሉ አንዴ «ቀስ» የሚባልበት ጊዜ እንኳ አልነበረም።

መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ያኔ ነው ያየኝ። መፍቻውን ጥሎ እየሮጠ መጣ፣ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

«ምነው? ምን ሆንሽብኝ? ወደቅሽ?»

ሶኬቱን አንስቼ አሳየሁት። ሶኬቱን አየ፣ ዞሮ ማብሪያውን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«አጥፍቼዋለሁ» አለ።

«አላጠፋኸውም! መብራት ሄዶ ነው የቆመው።»

«መቼ ሄደ?»

«ጋሼ፣ ሲመጣስ አልሰማህም? ኮምፕሬሰሩን አትሰማም?»

ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነበር። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ዓይኑ ከንፈሬ ላይ ነበር፣ እኔ ልብ አላልኩም። ዞረና መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ የልጅ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት መጋዞች በንዝረቱ ይንቀጫቀጣሉ።

«አሁን እየሠራ ነው?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩለት። እንደ እሱ ያለ ጥንቁቅ ሰው! ጣቶቹን ሲጠብቅ ሲጠብቅ ጆሮውን በሳንቲም በሳንቲም ለዚያ ማሽን ከፍሎ ጨርሷል። «ቀስ» የሚለው ቃልም ላልሰማው ነገር ሁሉ መልስ ሆኖት ቆይቷል። እኔና ሚስቱ ደግሞ ናቀን ብለን እናማዋለን። አፈር ልብላ አልኩ።

«ለምን አልነገርከንም?» አልኩት ፊቱን ይዤ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለየሁ።

«ማሽኑን ትቀሙኛላችኋ» አለ። «ድምፁ ቢሄድም በእጄ ይሰማኛል ብዬ ነበር። ዛሬ መንቀጥቀጡ ሲቆም አውራ ጣቴ ማብሪያውን የመለሰ መሰለኝ።»

«እኔ ነኝ መፍቻውን ያመጣሁብህ። በገዛ እጄ ላስቆርጥህ ነበር።»

«አንቺማ ጉልበቴ አሳዝኖሽ ነው። ሲባጎውን ያሰርኩት እኔ፣ ሲባጎውን የዘለልኩት እኔ። ተነሺ አሁን፣ መሬቱ ቀዝቃዛ ነው።»

የቀረውን ቀን አልሠራንም። ለሚስቱ እኔው ነገርኳት፤ ስትሰማ አልተናደደችም፣ ሄዳ ጎኑ ተቀመጠች። የገዛሁትን መፍቻ ለጎማ ጠጋኙ ሰጠሁት። «ምነው፣ ቸኮላችሁ እንዴ?» ብሎ ሊቀልድ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው።

በማግስቱ ስገባ ወንድሜ ቀድሞኝ ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ አንድ ቁራጭ እንጨት በሁለት በኩል አስሮ ይጠብቀኛል። ገና አስር በር ይቀረናል። እጅጌዬን ራሱ ሰበሰበልኝ፣ መነጽሩን አደረገልኝ፣ አፌን በጨርቅ አሰረልኝ። ከዚያ ከፌስታል ውስጥ አዲስ የጆሮ መሸፈኛ አወጣ። ሲመጣ ነው የገዛው።

«እንዴ፣ ይሄን ካደረግኩ ማሽኑ ሲጨነቅ በምን አውቃለሁ?» አልኩት።

«በእጅሽ። ደግሞም በኔ፤ እኔ አይልሻለሁ» አለና ጆሮዬ ላይ ገጠመልኝ።

ከዚያ ሄዶ ግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሶኬቱንና የታሰረውን መፍቻ ጭኑ ላይ አደረገ። ራሴን ስነቀንቅ ይሰካል፣ እጄን ሳነሳ ይነቅላል። ጥርስ የሚቀየር ሲሆን ነቅሎ እያነከሰ ያመጣልኛል፣ እኔ ስፈታ ሶኬቱን በጡጫው ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። የመጀመሪያዎቹን የመለማመጃ ቁራጮች ጥርሷን አንድ ቦታ አቆይቼ አቃጠልኳቸው። ተሳደብኩ። ስድቤን አለመስማቱ ለሁለታችንም ደግ ሆነ። ሲገባኝ ግን ገባኝ፤ ቦዩን ሦስቴ መመላለስ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ቀስ።

አስሩን በር በዘጠኝ ቀን ጨረስን። በሱ ጊዜ የአራት ቀን ሥራ ነበር። የመጨረሻውን ጠርዝ አውጥቼ ማሽኑ በእጄ ላይ ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ጠበቅኩ። ወንድሜ ሶኬቱን ነቅሎ መጣ፤ መፍቻውን ከነሶኬቱ ጠረጴዛው ላይ ጠቀለለው። ከዚያ ሁለት እጁን ሰጋቱራው ላይ ዘረጋና በአውራ ጣቱ እያንዳንዱን ጣት እየነካ ቆጠረ፣ ጠርዝ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና አንድ ነገር ተናገረ።

መሸፈኛውን ገና ከጆሮዬ አላወለቅኩም ነበር። «አሥር» ማለቱን ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት።