በካርዶቹ ጀርባ

ከፍልሰታ ቅዳሴ ወጥቼ፣ ሳሊተ ምሕረት ደጃፍ ላይ ቆሜ ስልኬን እንደከፈትኩ ጠራ። የደወለችው ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ የመጻሕፍቱን የካርድ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ልጅ ናት።

«እትዬ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ሲስተሙ ሥራ ጀመረ። ካርዶቹንም ዛሬ ለቆራሌ ሰጠናቸው፤ ቢሮው ሰፋ!»

«ጀርባቸውን አስገብታችኋል?»

«የምን ጀርባ?»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ታክሲ ሮጥኩ። መጋዘን ያሉት የቆዩ መጻሕፍት ቦታ በቀየሩ ቁጥር፣ አዲሱን የመደርደሪያ ቁጥር በካርዱ ጀርባ በእርሳስ የምጽፈው እኔ ነኝ። ፊት ለፊት ያለው ቁጥር ካረጀ ቆይቷል። እቅዱ ሲወጣ ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ «የቀረ ነገር አለ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ስለ ኮምፒውተር በሚወራበት መሃል የእርሳስ ነገር ማንሣት አሳፈረኝና ዝም አልኩ። አገሬ ጎንደር ሩቅ ነው፤ በዚህ ከተማ በአደራ የተሰጠኝ እነዚያ መጻሕፍት ብቻ ናቸው።

ታክሲው ጉርድ ሾላ እስኪደርስ «እመ ብርሃን፣ አታሳፍሪኝ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። ቆራሌው ከቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ጀርባ የመጨረሻውን ማዳበሪያ እያሰረ ደረስኩበት።

«ፍታው!»

«እናቴ፣ ወረቀት እኮ ነው! ታቦት የሰረቅኩ አስመሰሉኝ።»

«ፍታው ልጄ፣ በእመቤታችን።»

እየሳቀ ፈታው። መሬት ላይ ተንበርክኬ ካርዶቹን በየመሳቢያቸው መለስኩ። አንዱ መሳቢያ ግን ባዶውን ቀረ፤ የ«መ» መሳቢያ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «የእሱን... ለማስታወሻ ተከፋፈልነው። ሠራተኛውም አንባቢውም አንድ አንድ ይዞ ፎቶ ተነሣ።»

በማግስቱ አንድ አዛውንት መጥተው ርእሳቸው በ«መ» ከሚጀምሩት መጻሕፍት አንዱን ጠየቁ። ኮምፒውተሩ «አለ» አለ። መጋዘን ገብቼ እስከ ምሳ ሰዓት አቧራ የለበሱ መጻሕፍት ስገለብጥ ቆይቼ ባዶ እጄን ወጣሁ።

«አለ ይላል አላልሽኝም?» አሉኝ።

«አለ፣ አባቴ። የት እንዳለ የጠፋብን በእኔ ዝምታ ነው።»

ለኃላፊያችንም ይህንኑ ነገርኳቸው። ብዙ አልተቆጡም፤ «እንግዲህ ፈልጊያቸው» አሉኝ ብቻ።

ያን ቀን እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ። ካርዱን መልሱ አልላችሁም፣ ማስታወሻ ይሁናችሁ። ገልብጡትና ጀርባውን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ። እርሳሱ ደብዝዞ እንደሆነ ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጉት፤ ይታያል።