ልጄ የቀየረውን ሐዲድ መልሼ ስቀይር

አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሥራ የገባሁ ዕለት የጣቢያው ሹም ጋሽ በቀለ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዞረውን የሐዲድ መቀየሪያ ብረት አስጨበጡኝ። «የቀየረው ሰው ይቆልፋል፤ የቆለፈው ይጠየቃል። ሌላ ሰው አይነካውም» አሉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ሠራሁ። ሕጉን ያፈረስኩት ልጄ ዳዊት እዚያው ሲቀጠር ነው።

ከዳዊት በፊት ሁለት ልጆች ቀብረናል። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም እንዲሉ፣ እናቱና እኔ ከእጃችን አውጥተነው አናውቅም። ወንዝ አልወረደም፣ ሳሪስ እንኳ ብቻውን አልሄደም። ሥራውንም ለምኜ ያስገባሁት ከዓይኔ እንዳይርቅ ነው።

ዳዊት ቀይሮ ሲቆልፍ፣ እኔ ትርፍ ቁልፍ ይዤ ከኋላው እየሄድኩ ከፍቼ አያለሁ። አንድም ቀን ተሳስቶ አላገኘሁትም፤ ማየቴን ግን አልተውኩም። እሱም የቆለፈውን ሦስት አራቴ እየተመለሰ መነካካት ጀመረ። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ምሳ አይበላም። ብርድ መታው ብዬ ሹራብ ደረብኩለት። ጅል ነበርኩ።

አንድ ረፋድ ከደብረ ዘይት የጭነት ባቡር ይመጣል ተባለ። ሁልጊዜ የሚገባው በሁለተኛው ሐዲድ ነው። ያን ቀን ግን ነዳጅ የጫኑ ፉርጎዎች ስለቆሙበት፣ ጋሽ በቀለ ዳዊትን በአንደኛው እንዲያስገባው አዘውታል። እኔ አልሰማሁም፤ ፉርጎዎቹንም መጋዘኑ ጋርዷቸዋል። መቀየሪያው ወደ አንደኛው ዞሮ ሳየው፣ ይኸው ተሳሳተ ብዬ ከፈትኩና ወደ ሁለተኛው መለስኩት።

ዳዊት ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቀይ ባንዲራ ይዞ ያየኛል። ባቡሩ ጡሩምባውን እየነፋ ቀረበ። ዳዊት ባንዲራውን አላነሳም።

ጋሽ በቀለ ከቢሮ ሮጠው ወጡና ባንዲራውን ከእጁ ነጥቀው አውለበለቡ። ባቡሩ ፉርጎዎቹ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሜትር ሲቀረው ቆመ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አባትህ መልሶ ሲቀይረው አላየህም?» አሉት።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ባንዲራውን ለምን አላነሳህም? ያዘዝኩህን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም። ግን አባባ ከቀየሩት እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ነው።»

ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ከመቀየሪያው ተነስተሃል፤ መጋዘን ትገባለህ። ልጁን ሞጆ እልከዋለሁ።»

«ብቻውን?» አልኩ።

«ብቻውን።»

እናቱ ሳምንት አለቀሰች። እኔ ደግሞ አፈርኩ። ልጄን ከስህተት እጠብቃለሁ ስል፣ ትክክል በሆነበት ቀን እንኳ ራሱን እንዳያምን አድርጌው ነበር።