«እኛ እንቀብርዎታለን»

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድራችን እንጅባራ ላይ ተሰበሰበ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መነጋገር አልተቻለም ነበር። ጋብ ሲል ወጣቱ ሊቀመንበራችን ተነሣና አባላቱ እየሳሱ መሄዳቸውን፣ ድንኳኑም መበሳቱን ተናገረ። መፍትሔም አለኝ አለ። ዳንግላ ላይ በስልክ ሰው የሚመለምሉ ልጆች አሉ፤ ባስገቡት ሰው ልክ ይከፈላቸዋል፤ እኛ ቁጥር እንሰጣቸዋለን፣ እነሱ ይደውላሉ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ።

እኔ እጄን አውጥቼ አይሆንም አልኩ። ለምን ሲሉኝም አይሆንም ብቻ አልኩ። ከኋላዬ አንዱ፣ አባባ ታፈረ እኮ ባጃጅ ሲገባም አይሆንም ብለው ነበር፣ ብሎ ሰውን አሳቀ። እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። ባጃጅ ፈረሶቻችንን እያስደነበረ ስንቱን ገደል ከቷል፤ ዛሬም አይሆንም እላለሁ። የእድሩ ነገር ግን ሌላ ነው። በዚያ ሳቅ መካከል ልናገረው ስላልወደድኩ ቤቴ ገብቼ ይኸው እጽፈዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነውና ቶሎ ቶሎ አይሄድልኝም።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ወደ አገራችን በገባ ሰሞን ነው። ያኔ ፀጉሬ አልሸበተም፤ ያለ እርካብ ፈረስ ላይ የምወጣ ሰው ነበርኩ። ቀያችን ከጥርባ ወዲህ ነው፣ የድንችና የገብስ አገር። ክረምቱ ሲከብድ ጭቃው ከጉልበት በላይ ይውጣል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ዳገቱ ሁሉ አደይ ይለብሳል። ኔትወርክ የሚገኘው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ብቻ ስለነበር ስልክ ያለው ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ስልክ ሲጠራ ነጠላውን አስተካክሎ፣ ቆሞ የሚያነሣም ነበር። ከስልክ ውስጥ የሚወጣ ድምፅ የመንግሥት ድምፅ ይመስለን ነበር መሰለኝ፤ ሰው የተባለውን ሁሉ ያምናል።

ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ቤታችን ላይ መከራ ወርዶ ነበር። በበጋ፣ የመስኖ ውኃ ተራ ላይ፣ ታላቅ ወንድሜ አያ ስንሻው ከአያ አዳሙ ልጅ ከጥሩነህ ጋር ተጣላ። የሁለቱም ድንች እየደረቀ ነው፤ ሁለቱም ተራው የእኔ ነው ባይ ናቸው። ስንሻው በዱላ መታው። አንድ ጊዜ ነው የመታው። ጥሩነህ ሞተ።

ወንድሜ ታሰረ፤ እስሩንም ጨርሶ ወጣ። መንግሥት ለቀቀው ማለት ግን ደም ለቀቀው ማለት አይደለም። እርቅ እስኪወርድ ድረስ አገሩን መርገጥ ስለማይችል ጃዊ በረሃ ወርዶ የሰው ሰሊጥ እያጨደ ተቀመጠ። እዚህ የቀረነውም ብንሆን ከሟች ቤተሰብ ጋር በአንድ ድንኳን አንቀመጥም፣ ከአንድ ምንጭ አንቀዳም፣ መንገድ ላይ ብናያቸው እንሸሻለን። ሰላምታ እንኳ አንልክም። በሁለቱ ቤት መካከል ቃል የሚያመላልስ ሽማግሌ ብቻ ነው። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ወጥታ ከጃዊ የመጣ ሰው ስታገኝ ልጄን አይተኸዋል ወይ ትላለች። ሌላ ጸሎት አልነበራትም፤ ስንሻውን ሳላይ አትግደለኝ ብቻ ነበር የምትለው።

ሽምግልናውን የያዙት ቄስ ይርሳው ነበሩ። ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር አያ አዳሙ ደጅ ላይ ስንት ክረምት ተቀመጡ። ውጡ ተባሉ፤ ውሻ ተለቀቀባቸው፤ ተመልሰው ሄደው ተቀመጡ። እኔ አንድ ቀን ለአያ አዳሙ በግ ልላክ ብላቸው ቄሱ ተቆጡኝ። «አንተ ዝም በል። ያንተ ሥራ አለመታየት ነው» አሉኝ። ቀስ በቀስ የአያ አዳሙ ልብ ራራ። መጀመሪያ ዝናብ ላይ አትቀመጡ አላቸው፣ ቀጥሎ በረንዳው ላይ አስቀመጣቸው፣ በመጨረሻ «ሰምቻችኋለሁ» አለ። ይህች ቃል በእኛ ዘንድ ትልቅ ናት። ድንቹ ከተነሣ በኋላ እንዲሆን ቀን ተቆረጠ። ስንሻው ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ማሩኝ እያለ ይገባል፤ አያ አዳሙ በእጁ ድንጋዩን ያወርድለታል። ወደ ጃዊ በሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ለወንድሜ መልእክት ላክን። እናቴ ብቅል አበቀለች፣ ጋን አጠነች፣ ቤቱን በአዲስ ጭቃ አስመረገች። ስትዘፍን የሰማኋት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

በዚያው ወር ነው እንግዲህ ያኔ የገባሁበት እድር ደዋዮች የቀጠረው። መሪዎቹ የሬሳ መኪና መግዛት አማራቸው፤ ለዚያ ብዙ አባል ያስፈልጋል። እንደ ድሮው በየቤቱ ሽማግሌ ልኮ ሰው መጠየቅ ቀርፋፋ ሆነባቸው። ዳንግላ ላይ ሴቶች ልጆች ቀጥረው የአገሩን ሰው ስልክ ሰጧቸው።

መጀመሪያ የሚያስቅ ነገር ብቻ ነበር የምንሰማው። ባሏ ከሞተ የቆየች ሴት ዘንድ ደውለው ባለቤትሽ ይመዝገብልን ቢሏት፣ ይመዝገብ፣ ስብሰባ ግን አይመጣላችሁም አለቻቸው። አንዱን ሰውዬ ደግሞ በመኪና ነው የምንሸኝህ ብለው አስገቡት፤ መኪናዋ ገና አልተገዛችም። ጠላ ቤት ተቀምጠን በዚህ እንስቅ ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

አንድ ቀን ድንች ስቆፍር ቄስ ይርሳው በበቅሎ መጡ። አልወረዱም።

«ለአዳሙ ምን ብለህ ነው የላክህበት?» አሉኝ።

ምንም አልላክሁም አልኩ። ፊቴን አይተው እንዳልዋሸሁ አወቁና የሆነውን ነገሩኝ። የአያ አዳሙ ቤት ዳገት ላይ ስለሆነ ኔትወርኩ እቤቱ ድረስ ይገባል። ልጅቷ ደወለችለት፤ እድር ግቡ አለችው፤ ጎረቤትዎ አቶ ታፈረም ገብተዋል፣ እርስዎ ቢገቡ ደስ ይላቸዋል አለችው። አያ አዳሙ ስልኩን ዘጋው። ክፍያዋ በሰው ልክ ነውና ተስፋ አልቆረጠችም፣ ደግማ ደወለች። ሁለተኛውን ያነሣው የጥሩነህ ታናሽ ወንድም ገበየሁ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቤተሰቡ ሁሉ አሰማው። እሷ አባትየው ያነሡ መስሏት ለሰው ሁሉ የምትለውን አለች።

«ምንም አይስጉ አባቴ። ሲሞቱ እኛ እንቀብርዎታለን። አቶ ታፈረና ቤተሰባቸው ራሳቸው ሬሳዎን ያነሣሉ።»

ለሌላ ሰው መልካም ቃል ነው። ሁላችንም እድር የምንገባው ይህንኑ ብለን ነው። ልጅህን የገደለው ሰው ወንድም፣ እርቁ ሊወርድ ጥቂት ሲቀረው፣ በማታውቃት ሴት አፍ እቀብርሃለሁ ብሎ ሲልክብህ ግን ምን ትላለህ? ገበየሁ ስልኩን ግድግዳ ላይ ከሰከሰው። ስንሻው እግሩን ካነሣ እኔ ቀድሜ እቀብረዋለሁ ብሎም ማለ።

መቆፈሪያዬን እዚያው ጥዬ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ሮጥኩ። እሱ ክፉ ሰው አልነበረም። የጎረቤት ስም ጥሩ ብለን ያዘዝናቸው እኛ ነን፣ ሰው የሚያውቀውን ስም ሲሰማ ይገባል ብለን ነው አለኝ።

«ማን ከማን ጋር ደም እንዳለው ነገራችኋቸዋል?» አልኩት።

«ይሄ ለማያውቁት ሰው ይነገራል እንዴ ታፈረ?»

እኔስ ምን አልኩት? አይነገርም። ታዲያ ይህን የማይነገር ነገር የማያውቅ ሰው በምን አፉ ነው ስሜን ይዞ የሰው ቤት የሚገባው? ሽማግሌ ቢላክ ኖሮ የአያ አዳሙን ደጅ ዘሎ ያልፍ ነበር። ልጆች እንኳ ያውቁታል እኮ።

በማግስቱ ዳንግላ ወረድኩ። ከመናኸሪያው በጋሪ ሄጄ የሚደውሉበትን ቤት አገኘሁት፤ ከወፍጮ ቤት ጀርባ ያለች ክፍል ናት፣ ዱቄት በበሩ እየገባ ልብሳቸውን አንጥቶታል። ለአያ አዳሙ የደወለችውን ያወቅኋት ስሜን ስናገር ፊቷ በደስታ ስለበራ ነው። ሊያመሰግናት የመጣ አባል መስያት ነበር። ስነግራት ቁጭ አለች።

«ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ የት አውቄ?» አለች። እንባዋ ሳይደርቅ ስልኩን አነሣች፤ አሁኑኑ ደውዬ ላስረዳቸው አለች።

«አስቀምጪው። በእግርሽ ነይ» አልኳት።

በማግስቱ መጣች። ብዙ ወንድ የማያደርገውን አደረገች። እኔ ወደዚያ ቤት መቅረብ ስለማልችል ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆየሁ፤ ይዘዋት የገቡት ቄስ ይርሳው ናቸው፤ የተባለውንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አያ አዳሙ አስቀመጣት። ማን ነው የታፈረን ስም ጥሪ ያለሽ ሲል ጠየቃት። የቀጠሩን ናቸው አባቴ፣ ለሁሉም ሰው እንዲሁ ነው የምንለው፣ አቶ ታፈረን በዓይኔ ያየሁት ትናንት ነው አለችው። 

«አምኜሻለሁ ልጄ» አላት። «ግን እኔ ብቻዬን አልሰማሁትም፣ ልጆቼም ሰምተውታል። እነዚህን ልጆች ለማብረድ ስንት ዓመት እግራቸው ላይ ወድቄያለሁ። አባት ሆኜ ነው የወደቅሁት። ሁለተኛ ልወድቅ አቅም የለኝም።»

ከዚያ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበላትና ሳትበላ እንዳትሄድ አላት።  ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ስንሻው ያለበት ስልክ የለም፤ መልእክታችን ደርሶት መንገድ ጀምሯል። እንጅባራ ሳይደርስ ልያዘው ብዬ ዳንግላ መናኸሪያ እየዋልኩ ጠበቅሁት። አንድ ረፋድ ላይ ከጭነት መኪና ጀርባ ወረደ። ወባ አክስቶታል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፤ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል። ለእናታችን ሰሊጥ በከረጢት ይዟል። አቅፎ ሳመኝና ሳቀ።

«ድንጋዩን አዘጋጃችሁት? አደራ እንዳይከብድ፣ አንገቴ የድሮው አይደለም» አለኝ።

ምግብ ቤት አስገብቼ ነገርኩት። ሽሮው እየተንተከተከ መጥቶ እፊታችን ቀዘቀዘ።

«እኛ ሳንልክ?» አለ።

«ሳንልክ።»

«ይቺ ልጅ ታውቀናለች?»

«አታውቀንም።»

ሽሮውን ገፋ አደረገው። ጥርባ መንገድ ላይ ቆሜ እናቴን በሩቁ ብቻ ልያት አለ። መንገዱን እነ ገበየሁ እየጠበቁት ነው አልኩት። ነገ እሷን ይዣት እመጣለሁ፣ እዚሁ እደር አልኩት። እሺ አለ። አልጋ ያዝኩለትና ሄድኩ።

በማግስቱ እናቴን በሚኒባስ ይዣት ስመጣ የለም። ሌሊቱን ወደ ጃዊ የሚመለስ መኪና አግኝቶ ሄዷል። ባለ አልጋዋ ከረጢቱን ሰጠችን። አይቼሽ ተመልሼ የምሄድበት አንጀት የለኝም በሏት ብሏል። እናቴ ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ጥግ ላይ ሰሊጡን ታቅፋ ተቀመጠች። እንሂድ ስላት አትሰማኝም። ጋሪ ነጂዎቹ ፈረሶቻቸውን ፈትተው ሲሄዱ እንኳ አልተነሣችም፤ ሰው ረድቶኝ ተሸክመን ነው ሚኒባስ ውስጥ ያስገባናት። ጠላው ሳይቀዳ ሆመጠጠ።

በሚቀጥለው ክረምት ስንሻው በወባ ሞተ። የቀበሩት አብረውት የሚያጭዱ የሰው አገር ሰዎች ናቸው። መርዶው ሲመጣ እድሩ ድንኳኑን ይዞ መጣ። እናቴ ወጥታ አየችና «ይሄን ከደጄ ንቀሉልኝ» አለች። ነቀሉት። ያለ ድንኳን፣ ዝናብ ላይ አለቀስንለት። እሷም ብዙ አልቆየች፤ እድሩም ወዲያው ለሁለት ተከፍሎ ፈረሰ።

ዛሬ አያ አዳሙም ቄስ ይርሳውም የሉም። ገበየሁ አለ፣ እንደ እኔ ሸብቷል። እንጅባራ መንገድ ላይ ስንገናኝ እሱ ወደ ወዲያ ማዶ ይሻገራል፣ እኔ ወደዚህ። የልጅ ልጄ ቁጥሩን ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ስልኬ ላይ ጽፎልኛል። ደውልለትና ይቅር ተባባሉ ይለኛል፤ ለእሱ ይህን ያህል ቀላል ነው። እኔ የምፈልገው ገበየሁ ደጅ ላይ ሄዶ የሚቀመጥልኝ፣ ውጣ ሲባል ወጥቶ በነጋታው ተመልሶ የሚቀመጥ ሰው ነው። ባለፈው እሑድ ሲያጨበጭቡ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ስልክ ይዘዋል። ክረምቱን ሙሉ ሰው ደጅ የሚቀመጥ ግን አላየሁባቸውም።

ሁለታችንም አርጅተናል። ቀድሞ የሚሞተው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የዚያን ቀን ግን ሌላው ለቀብሩ እንኳ በዚያ መንገድ አያልፍም።